እትዬ ለምን እና ያልተመለሱት ስልሳ አንድ መጠይቆች

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ እህታችንና አክስታችን፣ ከአውቶቡስ መካኒኩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በየካቲት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ከታላላቆቻቸው እንደሰማነው፣ አፍ ከፈቱበት ቀን ጀምሮ ያበዙት ጥያቄ እንጂ ልቅሶ አልነበረም። አባታቸው ሞተር ፈትተው ሲያጸዱ አጠገባቸው ቁጢጥ ይሉና፣ "ይኼ ምን ያደርጋል? እሱ ባይኖርስ?" እያሉ ልባቸውን ያወልቁት ነበር። አባትየው አንድ ቀን ታክቷቸው፣ "ልጄ፣ አንቺ ዝም ካላልሽ ይኼ አውቶቡስ ነገም አይነሣ" ማለታቸው እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይወሳል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወስደው፣ በ1965 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ አራሚነት ተዛወሩ። ሥራቸው የፊደል ግድፈት ማረም ቢሆንም፣ እሳቸው ኅዳጉ ላይ "ይህ ግን እውነት ነው?" ብለው እየጻፉ ለደራሲው ይመልሱ ነበር። አንዳንዱ ደራሲ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ መጽሐፌ በእሳቸው እጅ ካላለፈ አላሳትምም እስከ ማለት ደረሰ።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። የወረቀት መቁረጫው ማሽን ተበላሽቶ ሊጠግኑ የመጡት ሰው የአራሚዋን ጥያቄ ሲመልሱ ዋሉ። በመጨረሻ መፍቻቸውን ሰብስበው፣ "ጥያቄሽ ካላለቀ ነገም እመጣለሁ" አሏቸው። "ማሽኑ እኮ ተሠርቷል" ቢሏቸው፣ "እሱማ ጠዋት ነው የተሠራው" ብለው መለሱ። በ1969 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1987 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ፎቆችን ተከራይቶ በተከፈተ ትንሽ የግል ኮሌጅ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ደረጃው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፤ መማሪያ ክፍሎቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። እዚያው እየሠሩ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምረው በአርባ አምስት ዓመታቸው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ።

በ1993 ዓ.ም. ኮሌጁ በሥራ አመራርና በማኅበረሰብ ጤና የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር ሲዘጋጅ፣ የድኅረ ምረቃ መመሪያውን እንዲተይቡ ረቂቁ ተሰጣቸው። አንቀጽ አስራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ፣ "የማስተርስ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ አያሳድርም" ይላል። ኮሌጁ እንኳን መኝታ ክፍል፣ የብስክሌት ማቆሚያም የለው። ረቂቁን ይዘው ዲኑ ዘንድ ገቡና፣ "ይኼ ለምን ተጻፈ?" አሉ። ዲኑ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። ለካ መመሪያው ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ነው። "እስቲ ሌላውንም እንዲሁ ለምን እያሉ ይዩልኝ" አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠሪያቸው እትዬ ለምን ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዓመት የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና ደንብ የሚያጸድቀው ካውንስል ጸሐፊ ሆነው ሲሾሙ መጀመሪያ ያስገዙት አንድ ወፍራም መዝገብ ነበር። የእያንዳንዱን ደንብ ምክንያት፣ ማን እንዳቀረበውና መቼ እንደጸደቀ በእጃቸው ይጽፉበታል። ምክንያቱ ያልታወቀ ደንብ ሲያጋጥማቸው ቦታውን ባዶ ይተዉታል፤ ባዶው ቦታ ደግሞ ዕረፍት ይነሣቸዋል።

በ1998 ዓ.ም. አንዲት ነርስ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት የአራት ዓመቱ ገደብ አለፈባት። መንታ ልጆቿ ታመው አንድ ዓመት ሙሉ ከአጠገባቸው አልተለየችም ነበር። ካውንስሉ ስሟን ሊሰርዝ ተሰበሰበ። እሳቸው ግን መዝገቡን ገልጠው፣ "አራት ዓመት ለምን ሆነ? እዚህ ባዶ ነው" አሉ። የሚያውቅ ጠፋ። ስብሰባው በአንድ ሳምንት እንዲራዘም ለምነው ስልክ ላይ ተቀመጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሉ፣ መመሪያው በተገለበጠበት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያን ደንብ መጀመሪያ ያረቀቁትን ጡረተኛ ፕሮፌሰር አገኟቸው። ፕሮፌሰሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ "አሃ! ያኔ የነበረን አማካሪ አንድ ሰው ነበር። የሥራ ውሉ የአራት ዓመት ስለሆነ፣ እሱ ሳይሄድ ተማሪዎቹ ይጨርሱ ብለን ነው" አሉ። አማካሪው ከሄደ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሕመም፣ ወሊድና የቤተሰብ አስታማሚነት በገደቡ ውስጥ እንዳይቆጠር ተወሰነ። ነርሷም በዓመቱ ተመረቀች።

በ2002 ዓ.ም. የእህታቸው ልጅ እዚያው ኮሌጅ የማስተርስ ትምህርት ጀመረች። ያቺ ልጅ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይህንን ክፍል በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የተመዘገብኩ ዕለት ፋይሌን ለባልደረባቸው አስረክበው፣ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቢሮ ውስጥ አክስት የለሽም" አሉኝ። ውጤቴን እንደማንኛውም ተማሪ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተጋፍቼ ነው ያነበብኩት።

የመመረቂያ ጽሑፌ፣ የማታ የማስተርስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ለምን አቋርጠው እንደሚሄዱ የሚያጠና ነበር። ላቋረጡ አንድ መቶ አርባ ሰዎች መጠይቅ ላክሁ፤ ሰባ ዘጠኙ መለሱልኝ። ከእነሱ መልስ ተነሥቼ፣ ችግሩ የመሠረተ ዕውቀት ማነስ ነው፣ የመግቢያ ፈተናው ይጥበቅ ብዬ ደመደምኩ። ሐሳቡ ተወዶልኝ ኮሌጁ አዲስ ፈተና ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር።

በግንቦት 2004 ዓ.ም. በዲፌንሴ ቀን ፈታኞቹ ጨርሰው ሊነሡ ሲሉ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ። በዲፌንስ ላይ የተገኘ ማንኛውም ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል የሚለውን ደንብ ያስጸደቁት ራሳቸው ናቸው። "ስልሳ አንዱ መጠይቅ አልተመለሰም ብለሻል። እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው?" አሉኝ። አላውቅም። ፈታኞቹ ተያዩ፤ ሰዎቹን ፈልጌ በስድስት ወር ውስጥ እንድመለስ ወሰኑ። እናቴ ለምረቃዬ የምለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳ ነበር።

በሰው ፊት አዋረዱኝ ብዬ አኮረፍኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም፤ ስልክ ሲደውሉ አላነሣሁም። እናቴም ለእኔ ወግና፣ "እህቴ፣ ለልጄ ትንሽ ብትራሪላት ምን ነበረበት?" አለቻቸው። "እኔ እኮ የጠየቅሁት ማወቅ ፈልጌ ነው" አሏት።

እያጉረመረምኩ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱን ዱቄት እንደለበሰ ዳቦ ቤት አገኘሁት፤ አንዷን ክሊኒክ ውስጥ ከማይክሮስኮፕ ላይ፤ አንዱን የአውቶቡስ ትኬት ሲሸጥ። ከስልሳ አንዱ ሠላሳ ስምንቱን አገኘሁ። ሃያ ዘጠኙ የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር ነገሩኝ። ትምህርት የሚጀምረው አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ እነሱ ከሥራ የሚለቀቁትም አስራ አንድ ተኩል ነው። በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ ያረፈደ ተማሪ አንድ ቀን እንደቀረ ይቆጠራል፤ አራት ቀን የቀረ ደግሞ ፈተና አይቀመጥም። ዳቦ ጋጋሪው፣ "ትምህርቱማ መች ከበደኝ፤ ሩጫው ነው የገደለኝ" አለኝ። መጠይቄን ለምን እንዳልመለሰ ስጠይቀው ደግሞ፣ "አባረውኝ ሲያበቁ ለምን ሄድክ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" አለ።

ከዚያ በኋላ ኩርፊያውን ጉጉቱ በለጠው። ወረቀቶቼን ይዤ ቢሯቸው ገባሁና የማርፈድ ደንቡ ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው። መዝገቡን አውጥተው ሲያገላብጡ ቆዩ፤ ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ። ምክንያቱ፣ "ያረፈደ ተማሪ በር ሲከፍት መምህሩ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ" ይላል። አቅራቢዋ ራሳቸው ነበሩ፣ በ1993 ዓ.ም.። መነጽራቸውን ወልውለው መስመሩን ደግመው አነበቡት።

"አክስቴ፣ ያን ቀን ሲጠይቁኝ ይህን ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ከየት አውቄው? ሰዎቹ የት እንደገቡ ብቻ ነበር የጨነቀኝ። ባውቅማ ኖሮ እጄን ለማውጣት እደፍር እንደነበር እንጃ፣ ልጄ።"

በካውንስሉ ፊት ራሳቸው ቆመው ደንቡ እንዲሰረዝ ጠየቁ። አንድ አባል ሊያጽናኗቸው ፈልገው፣ "እትዬ፣ የእርስዎ ደንብ እኮ ክፋት የለውም" ሲሉ፣ "የእኔ መሆኑ ነው የከበደኝ፤ ለሌላው ሁሉ ምክንያት ስፈልግ የራሴን ሳልጠይቀው ቀረሁ" አሉ። ደንቡ ተሰረዘ፤ የትምህርቱ መጀመሪያ ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ተዛወረ፤ የታሰበው ፈተናም ቀረ። ለሃያ ዘጠኙ ሰዎች በእጃቸው የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈው እንዲመለሱ ጋበዟቸው። አስራ ሰባቱ ተመለሱ፤ አስራ አራቱ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ጨምሮ፣ ተመረቁ። እኔም በኅዳር ቀርቤ አለፍኩ። ያን ዕለት እጃቸውን አላወጡም፤ ቢያወጡም ግን ተዘጋጅቼ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ኮሌጁ ስድስት የማስተርስ ፕሮግራሞች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጆቻቸውን የቤት ሥራ እየጠየቁ እንጂ እየሠሩላቸው አልኖሩም፤ ልጆቹ ይህንን እስከ ዛሬ በቅሬታ ያነሡታል።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የደም ሕመም እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሙ የቀራቸውን ጊዜ በወራት ሲነግሯቸው፣ "ይህን በምን አወቁት?" አሏቸው። ሐኪሙም ወንበር ስበው ቁጭ አሉና የምርመራውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አስረዷቸው። ከዚያ በኋላ ፍርሃታቸው ቀለል እንዳለላቸው ለልጃቸው ነግረዋታል። በመጨረሻው ሳምንት መናገር ሲያቅታቸው፣ ባለቤታቸው አልጋው አጠገብ እየተቀመጡ ሳይጠየቁ ውሏቸውን ይነግሯቸው ነበር፦ ማን እንደደወለ፣ የጎረቤት ውኃ መሳቢያ ምኑ እንደተበላሸ፣ እንዴት እንደጠገኑት። እሳቸውም ዓይናቸውን ከባለቤታቸው ሳይነቅሉ ያዳምጡ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ በቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አርባ ሰባት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው፣ ቀያሽ መሐንዲስ የሆነችው ሴት ልጃቸው፣ መምህር የሆነው ወንድ ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህታቸው የሆነችው እናቴና እኔ በሐዘን ቀርተናል።

ሊያውቁት ይጓጉለት የነበረውን ሁሉ ፈጣሪ ራሱ በትዕግሥት ያስረዳቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎች ጎን ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።