በሐሰት ስም የሆንኩት ሚዜ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የልብ ወለዴን ረቂቅ መለሰችልኝ። ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ወይዘሮ ሰብለ፣ የማተሚያ ቤቱ አርታኢ፣ ሰው ማስቀየም አትወድም። ብዙ አስባ ነው የተናገረችው። “እርስዎ ሃያ ዓመት ፖሊስ ነበሩ፤ ይሄ መርማሪዎ ግን ሲኒማ ቤት ነው ያደገው” አለችኝ።

እውነቷን ነው። መርማሪዬ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። እኔ ሽጉጤን የማወጣው ለመወልወል ነበር። ሳንሱር ጀግና ፖሊስ ይወዳል ብዬ ነው አልኳት። ሳንሱሩን ለኔ ይተዉት፣ የሚያውቁትን ይጻፉልኝ አለች።

ከቦሌ መንገድ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ። ከሷ ወዲህ ሰው አላነጋገርኩም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንጫጫል፤ እሱም ድምፅ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከጠዋት ጀምሮ ጻፍኩ። የማውቀውን።

ክትትል ላይ የሚታየው ጫማ ነው። ኮት ይወልቃል፣ ባርኔጣ ይቀየራል፤ መንገድ ላይ ጫማ የሚቀይር ሰው ግን አላየሁም።

ጋዜጣ ዘርግቶ መቆም የፊልም ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያነብን ሰው ሁሉም ያየዋል።

ውኃ አይጠጣም። አንተ ሽንት ቤት ስትገባ የምትከታተለው ሰውዬ ይወጣል።

ሎተሪ አዟሪ ሆኜ ቦሌ መንገድ ላይ ሦስት ሳምንት ቆሜያለሁ። ፊቴን ያየ የለም። ሰው የሚያየው ቁጥሩን ነው። አንድ ቀን የገዛ አለቃዬ ሳያውቀኝ ቁጥር መርጦ ከኔ ገዛ።

ሰባት ገጽ ሆነ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ገባሁ፤ መርማሪው ስሙን ለውጦ ከሌቦቹ ጋር የሚኖርበት ነው። “መካኒክ ሆኖ ጋራዡ ገባ” ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ዐረፍተ ነገር እምቢ አለኝ። ካልሲ አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

እዚህ ልጻፈው፤ እዚህ ማንም አያነበውም።

ስምንት ዓመት ሆነ። የተሰረቀ መኪና የሚፈታበት ጋራዥ ጉርድ ሾላ ነበር። ታደሰ የሚባል ስም ተሰጠኝና ገባሁ። አሥራ አንድ ወር ኖርኩ። ባለቤቱ ግርማ ይባላል። ከገዛ ሳህኑ አጉርሶኛል። አስካለን ሊያገባ ሲል፣ ወንድም የለኝም፣ ሚዜ ሁነኝ አለኝ። ለአለቃዬ ሪፖርት አደረግኩ። “በጣም ጥሩ፣ አሁን ገብተሃል” አለ። በአሳዳጊ አጎቷ ፊት፣ ወንድም እሆናታለሁ አልኩ። አጎቷ አለቀሰ።

ከሁለት ወር በኋላ ምልክት ሰጠሁ። እንዳልጠረጠር ፖሊሶቹ እኔንም አሰሩኝና አንድ መኪና ላይ ጫኑን። ግርማ ለፖሊሱ፣ “ይሄ ሚዜዬ ነው፣ ምንም አያውቅም። ጋራዡ የኔ ነው፤ እሱን ልቀቁት” አለ። ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ላይ እኔን አወረዱኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አምስት ዓመት ተፈረደበት ሲሉ ሰማሁ። እኔ ማዕረግ ተጨመረልኝ።

ነገ ጉርድ ሾላ እሄዳለሁ። ለመጽሐፉ ቦታውን ለማየት ነው። ውሸት ነው፤ ለመጽሐፉ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ከተማው በጭስ ታፍኗል። ከመገናኛ በውይይት ታክሲ ሄድኩ። ጋራዡ የቀበሌ ሱቅ ሆኗል። ከኋላው ያለው ቤታቸው እንዳለ ነው።

የከፈተችው አስካለ ናት። የበሩን መቃን ያዘች። “ታዴ?” አለች ቀስ ብላ። ፊቴን ዳበሰችው። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤቶቿም ተሰብስበው አብረዋት እልል አሉ። ሞቷል ያሉኝ ወንድሜ ነው እያለች ለሁሉም አሳየችኝ።

ግርማ ከተፈታ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወፍጮ ቤት ሞተር ይጠግናል፣ ሥራ ላይ ነበር። አስቀምጣ አበላችኝና አወራችኝ። ግርማ እንደታሰረ ለሁለት ሰው ስንቅ ታመላልስ ነበር፤ ለሱና ለኔ። የእስር ቤቱ በር ላይ ታደሰ የሚባል የለም ሲሏት፣ ደብቀውት ነው ብላ በማግስቱ ሁለት ሳህን ይዛ ትመለሳለች። አራት ወር። በመጨረሻ አንዱ ዘበኛ ሳያያት፣ “ከእንግዲህ ለሱ አታምጪ” አላት። በዚያን ጊዜ ይሄ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰችልኝ።

ሌላ ከተማ ታስሬ ነበር አልኳት። ምንም ሳልደናቀፍ። ያስፈራኝ እሱ ነው። ስምንት ዓመት ሳልነካው ውሸቱ አልዛገም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሳልነግራቸው መዋል አልቻልኩም። በምሳ ሰዓት ተመለስኩ። ግርማ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። አልተነሳም፣ እጁንም አልዘረጋም። አስካለ በደስታ ጉድ ጉድ ትላለች። አንቺም ተቀመጪ አልኳትና ቆሜ ነገርኳቸው። ፖሊስ ነበርኩ። ጥቆማው የኔ ነበር። ታደሰ የሚባል ሰው የለም።

“አውቃለሁ” አለ ግርማ። “በሦስተኛው ወር እስር ቤት ውስጥ ሰማሁ።”

አስካለ ወደሱ ዞረች። ለምን ሳትነግረኝ ስንቅ አስመላለስከኝ፣ ለምን ጥቁር አስለበስከኝ አለችው። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ “ወንድም ከሚሸጥሽ ወንድም ቢሞትብሽ ይሻላል ብዬ ነው” አላት።

 ከዚያ እኔን አየችኝ። “ትናንት ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሎልኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?”

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ግርማ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ማን ነው ስምህ አለኝ። ዘውዴ አልኩት። “ዘውዴ” አለ፣ እንደማያውቀው ምግብ አፉ ውስጥ ይዞት። ታክሲ መጣ። እግሬን ሳነሳ፣ “እሁድ ቤት ነን” አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ምዕራፉን ከጠዋት እስከ ቀትር ጻፍኩት። አንድም ጥይት የለበትም። ለወይዘሮ ሰብለ ሁለቱ ካልፈቀዱ አልሰጥም፤ ላይፈቅዱም ይችላሉ። ይፍቀዱልኝ ብዬ የምጠይቅበት አፍ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

እሁድ ቤት ነን ነው ያለኝ። ና አላለም። አትምጣም አላለም። የሰው ቃል ሲፈታ የኖረ ሰው ነኝ፤ ይሄን መፍታት አቃተኝ።

ነገ ጾም ይገባል፤ ኬክ ይዞ አይኬድም። ሙዝ ገዛሁ። ሸሚዜን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።