የባትሪ ማቀዝቀዣዬ ለስላሳ መጠጥ እንደማይሸጥበት ስለማስረዳት

ለተከበሩ አቶ ይበልጣል፣
ለክብሩ ስል ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ፣
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከሙሉ ጤናዎና ከሙሉ ግርማዎ ጋር፣ ሰኞ ጠዋት እንኳ ከማይለይዎ ፈገግታ ጋር እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የጭላሎ ብርድ ጉልበትዎን አይንካው፤ ወንበርዎም ይመችዎ። እኔ በከተማችን አማርኛ የማስተምረው ፍሰሐ እንደሻው ነኝ፤ ደጅዎን ስጠና ስለከረምኩ መልኬን ሳይለዩት አይቀሩም።

ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏት አሮጌ መኪና አለችኝ። ትልቁ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነና ሲሠራ ስለሚግል፣ አየር እየሳበች የምታነፍስበት ፋን ተገጥማለታለች። ባለፈው መኸር የአጎቴን ልጅ ላግዝ ብዬ የቢራ ገብስ በኋላ ወንበር እየጫንኩ ከሲሬ ሳመላልስ፣ ገለባውና ብናኙ ወንበሩ ጎን ባለው የአየር ማስገቢያ ገብቶ ፋኗን አነቃት፤ ዳሽቦርዱ ላይም የማስጠንቀቂያ መብራት ቦግ አለ። መካኒኩ ኦብሳ ወንበሩን ነቅሎ ሲያያት ተቃጥላለች። አዲስ ፋን ከአዲስ አበባ አስመጥተን ቀየረልኝ፤ መኪናዋም ዳነች።

መዘዙን ያመጣው የገዛ ምላሴ ነው። ኦብሳ በኦሮምኛም ይናገር በአማርኛ ፋኗን ‘ፋን’ ነው የሚላት፤ መላው አሰላም እንደዚያው። እኔ ግን በባዕድ ቃል አትናገሩ እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቤ ባለሙያዎ ምን እንዳስጠገንኩ ቢጠይቀኝ፣ ደረቴን ነፍቼ የባትሪ ማቀዝቀዣ ማስቀየሬን ነገርኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ባለሙያዎ ‘ማቀዝቀዣ’ የምትለዋን ብቻ ይዞ መኪናዬ ላይ ፍሪጅ እንደተገጠመ ጻፈ፤ እርስዎም አጸደቁለት፤ እኔም ቦሎ ተከለከልኩ።

ስለሆነም ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1. ለስላሳ መጠጥ የምቸረችርበት ንግድ ፈቃድ ይዤ እንድመጣ ስላዘዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ነጋዴነት የታየዎት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ባለቤቴ እንኳ እስከ ዛሬ አልታያትም።

2. ብርዱ ለሰው ተርፎ በሚፈስበት በአሰላ ባትሪ ማቀዝቀዝ ቅንጦት መሆኑን ገሥጸው አስረድተውኛል። ይህን ምርምርዎን የመኪናዋ አምራቾች በጊዜ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ከስንት ድካም ይድኑ ነበር! ባትሪው ግን አርሲ መግባቱን ስላላወቀ ዳገት ሲወጣ መጋሉን አልተወም፤ ስለ ድፍረቱ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3. ከሳህን የማትበልጠውን የተቃጠለች ፋን አምጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ ባስቀመጥኩ ጊዜ፣ ሥራዎን ሁሉ ትተው በጥሞና ካገላበጧት በኋላ በሯ በየት በኩል እንደሚከፈት ስለጠየቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልስ ያልሰጠሁት በንቀት ሳይሆን ሳቄን ስለታገልኩ ነው።

4. ይህኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ሮሐ ጢቾ ተመድባ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ቅዳሜ ከሥራ በምትወጣበት ሰዓት ወደ አሰላ የሚመጣ መኪና ስለማይገኝ፣ እኔ ሄጄ አመጣትና እሑድ ማታ እመልሳታለሁ፤ ትዳራችን የቆመው በዚህች መኪና ነው። ቦሎ ከተከለከልኩ ወዲህ ግን ብወጣ ትራፊክ ሰሌዳዬን ይፈታል፣ ብቀር ሮሐ ትቀራለች። እሷም ሥራ ፈትቼ ከምቆዝም ብላ የሰንበቱን ተረኝነት ከባልደረቦቿ እየተቀበለች እዚያው ትውላለች። ልጃችን ማሂ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ በቀደም ጎረቤታችንን ሀሊሜን ሳታስበው እማዬ ብላ ጠራቻት። ሀሊሜ ደንግጣ ዞራ አየችኝ። ልጄ እናቷን ናፍቃለች፣ እኔም ሚስቴን።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም፤ ‘ማቀዝቀዣ’ የተባለው ተሰርዞ ‘ፋን’ ተብሎ ይጻፍልኝ። ለአማርኛ መምህር ይህን መለመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር እግዜር ያየዋል።

የብዕርዎ ቀለም በከንቱ እንዳይፈስ ከሚሳሱት ሁሉ ይበልጥ የምሳሳ፣ ከነወንበርዎ ሺህ ዓመት እንዲኖሩ የምመኝ፣ በጋሪና በባጃጅ ተመላላሽ የሆንኩ ታዛዥዎ፣

ፍሰሐ እንደሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ባለቤትዎ ወይዘሮ የሺሃረግ ቤቴ ድረስ መጡ። ጢቾ የምታስተምረው ልጅዎ መክሊት እሑድ ዕለት ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለችና እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ያዋለደቻት የእኔዋ ሮሐ ናት፤ እርስዎ ቦሎ ባይከለክሉኝ ኖሮ በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር አሰላ ነበረች፤ እናም ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። ወይዘሮ የሺሃረግ አራሷ እናቷ ቤት ልትታረስ ስትመጣ ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ አትንገላታብኝ ብለው፣ ኮሽታ የሌላትን መኪናዬን ሊለምኑኝ ነው የመጡት። እኔም ቁልፉ በእጄ፣ ቦሎው ግን በእርስዎ እጅ መሆኑን በትሕትና ገለጽኩላቸው፤ ዛሬ እራት ላይ እንደሚያነጋግሩዎ ሲናገሩ ድምፃቸው ለእርስዎ አሳሳቢ ነበር። ከፈረሙልኝ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ መክሊትና ጨቅላው ከኋላ፣ ሮሐ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ለመወሰን አይቸኩሉ፤ የልጅ ልጅዎን የሚያዩት እኔ ሚስቴን በማይበት ቀን ነው።