በእህቷ ስም የገባችው ልጅ

ደባርቅ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬ በነጻ ለምናስተምራቸው የድሃ ልጆች የአምስተኛ ክፍል መግቢያ ዕጣ አወጣን። ከመካነ ብርሃን በእግራቸው የመጡ እናት መንታ ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ለትርንጎ ወጣላት፤ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ላለባት ለብርቄ አልወጣላትም።

«መምህር፣ አንዷን አስገብቼ አንዷን እንዴት ልመልሳት?» አሉኝ። ርእሰ መምህሩን ለመንኋቸው፤ እምቢ አሉ።

መንትዮቹ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ትርንጎ «ፊደል የምትወጅ አንች ነሽ» ስትል ሰማኋት። ልመዘግብ ስቀመጥ ፊቴ የቆመችው ብርቄ ናት፤ በጠባሳዋ ለየኋት።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ትርንጎ» አለች።

ርእሰ መምህሩ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። «ትርንጎ» ብዬ ጻፍሁ።

እናታቸው ሲወጡ እጄን ሳሙኝ። ብርቄን ስምንተኛ ክፍልን እስክትጨርስ በእህቷ ስም ልጠራት ነው። ከእናቷ ጋር የተመለሰችውስ ከእንግዲህ ማን ትባል ይሆን?