እሷ እስክትጨርስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን

እናትም እህትም ለሆንሽኝ እታለም፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ደርበሽ ነው የምትተኚው? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ዓይኑ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ምላሱ እንዳለ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ባለቤቴ የሰፋችውን በምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ፣ የመጋረጃ ቁርጥራጩንና የክር ጥቅልሉን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ ነው። እሷ ጎኗን አረፍ አድርጋለች። ልጃችን ደግሞ ግራ ክንዴ ላይ ተኝታለች፤ ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ጥፋቱ የሷ ነው።

ፎቶዋን አይተሽ "የኛን አፍንጫ ይዛ ወጣች" ብለሽ መሳቅሽን አባባ ነግሮኛል። ስለ አወላለዷ ግን በስልክ "ትንሽ አስቸግራን ነበር" ብዬ ነው ያለፍኩሽ። ትንሽ አልነበረም። በስልክ ሳወራ ታውቂኛለሽ፤ እቀልዳለሁ፣ ዙሪያውን እዞራለሁ፣ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ከጋብቻው ልነሳ። አንቺና አባባ ተማክራችሁ "ልጅቷን እናውቃታለን፣ አርፈህ አግባ" ስትሉኝ፣ እሺ ያልኩት ለማግባት ጓጉቼ አልነበረም፤ እናንተን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስሜ ሬዲዮ ነበር። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሳይቀመጥ፣ ቶንዶሱን ሳላስነሳ፣ የኳሱን ውጤትና የሰፈሩን ወሬ እጨርስለት ነበር። ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ደጃፉ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ወሬው ይቀጥላል። ትዳር ለእኔ ያ ሁሉ ጨዋታ የሚቆምበት ቦታ ነበር።

ለመተያየት አክስቷ ቤት የሄድን ቀን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ታስተካክል ነበር። አክስቷ አወሩ፣ እኔ አወራሁ፣ አባባ አዳመጠ። እሷ ምንም አላለችም። ስንመለስ "ዓይን አፋር ናት፣ ግድ የለም እኔ አፍታታታለሁ" ስለው አባባ መንገድ ላይ ቆም አለና፣ "አፍማ ሞልቶልሃል፤ አንተን የሚችል ጆሮ ነው ያስቸገረን" አለኝ።

ከተጋባን በኋላም ያው ሆነ። ጠዋት አንገቷን ነቅንቃ ትሸኘኛለች፣ ማታ አንገቷን ነቅንቃ ትቀበለኛለች። "ደክሞሻል?" ስላት ትከሻዋን ትሰብቃለች። እኔን የመሰለ ሰው ዝምታን በምን ይተረጉመዋል? ንቀት መሰለኝ። ሳትፈልግ ድረዋት ይሆናል፣ ልቧ ሌላ ጋ ይሆናል እያልኩ አብሰለስል ጀመር። ደጃፉ ላይ የማወራበት ሰዓትም እየረዘመ ሄደ።

አንድ ቀን ጠዋት አርፍጄ እየሮጥኩ ስወጣ በሩ ላይ ክንዴን ለቀም አደረገችኝ። ደነገጥኩ። አፏን ከፈተች፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

"ሱ... ሱ..."

"ስኳር?"

ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም። "ሱ... ሱ..."

"ሳሙና? ከሱቅ ነው? በቃ፣ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ!" ብያት ተፈተለክሁ።

ለካ "ሱሪህ" ልትለኝ ኖሯል። ከኋላ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ለቆ ነበር! ቀኑን ሙሉ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጎንበስ ቀና እያልኩ ስቆርጥ ዋልኩ። ሰዉ ሲስቅ በወሬዬ የሚስቅ እየመሰለኝ ይባስ ጨመርኩበት። በመጨረሻ የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ፂማቸውን ተስተካክለው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሊወጡ ሲሉ።

ማታ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ስኳርና ሳሙና ይዤ ገባሁ። ስኳሩን አየች፣ ሳሙናውን አየች፣ ሹራቡን አየች። ከዚያ ሳቀች። እታለም፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች! እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሱሪውን ስትሰፋልኝ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር እየታገለች ነገረችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል እንዲሁ ይይዛታል። አክስቷ "ከሠርጉ በፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ" ብለው አስጠንቅቀዋት ነበር። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ በየት በኩል እንደምትጀምረው ጠፋት።

ንቀት አለመሆኑን ሳውቅ ቀለለኝ። የበሰልኩም መሰለኝ። ሚስቴን መናገር ካስቸገራትና እኔ አፍ ከተረፈኝ፣ ለሁለታችንም እናገራለኋ! ገበያ ስንወጣ እኔ እመልሳለሁ። ጎረቤት ሰላም ሲላት እኔ። "ትና..." ስትል "ትናንት" ብዬ እጨርስላታለሁ። ሰውም "ታድላ! እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?" ይላል። ደስ አይለኝም ነበር ብልሽ ውሸት ነው።

አርግዛ ወሩ እየገፋ ሲሄድ፣ አንዲት ሴት ባለቤቴ እንድትሰፋላት የሙሉ ቤት መጋረጃ ጨርቅ ተሸክማ ቤታችን መጣች። "እስከ ሐሙስ ይደርስልኛል?" ስትል ባለቤቴ "አ..." ብላ ጀመረች።

"አዎ! ምን ችግር አለው?" አልኩ እኔ።

"አልችልም" ልትል ነበር። ሴትየዋ ስትወጣ ጨርቁን በሙሉ ከጠረጴዛው አነሳችና እቅፌ ውስጥ ዶለችው። ፊቴ ቆመች። ላረጋጋት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ።

"እ... እኔ አፍ አለኝ" አለች። "ዘ... ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አለኝ። ያ... ያንተን አልተዋስኩም።"

ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ። በማግስቱ መጋረጃውን ተሸክሜ ሴትየዋ ቤት ሄድኩና "ቸኩዬ ነው የመለስኩልሽ፣ እሷ አይደርስም ብላለች" አልኳት። ሴትየዋ ቅር አላት። እኔ ግን ከዚያ ቤት ስወጣ የሆነ ነገር ከትከሻዬ የወረደ ያህል ተሰማኝ፤ ጨርቁ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አባባ ሊጠይቀን መጣ። ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ክፍት ነበርና ድምፅ ሰማሁ። የሷ ድምፅ! አባባ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ቃሉ ሲይዛት ፊቱ አይለወጥም፤ አያግዛትም፣ አያዝንላትም፣ ሰዓቱንም አያይም። ዝናብ እስኪያባራ ጥግ እንደያዘ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አክስቷን ታስመስላለች፤ አነጋገራቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ እንግዳ ሲመጣ ድምፃቸውን የሚያቀጥኑትን። አባባ በሳቅ ትን አለው። መስኮቱ ሥር ቆሜ ገባኝ፤ ሚስቴ ቀልደኛ ናት። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ይህን አላውቅም ነበር። የቀልድ ጣዕሙ መጨረሻው ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ መጨረሻው እስኪደርስ ጠብቄላት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅን እንደ አዲስ ሙያ ተማርኩት። መጀመሪያ ሰሞን ምላሴን በጥርሴ ነክሼ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወሬው እየጣፈጠኝ መጣ። ለካ የማፏጨው ዜማ ያናድዳታል። ለካ ከመጋረጃ ይልቅ የሕፃን ልብስ መስፋት ትወዳለች። ለካ ያን ቀን አክስቷ ቤት አንገቷን የደፋችው አፍራ ሳይሆን ሳቋን ለመደበቅ ነው፤ እኔ ወሬ ይዞኝ የራሴን ሻይ ጨርሼ የአባባንም ጠጥቼበት ኖሯል! ደጃፉ ላይ የሚጠብቁኝ ጓደኞቼ "ሬዲዮ፣ ምን ነካህ? ሱቁ ሲዘጋ እየሮጥክ ቤት" ይሉኝ ጀመር። ቤት የሚወራ ነገር ነበረኛ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መውለጃዋ ሳይደርስ አንድ ጠዋት ለባብሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "ሐ... ሐኪም ቤት" አለች። ምን እንደሆነች ብጠይቃት ጭንቀቱ ቃሉን ጭራሽ አነቀባት። በታክሲ እጄን እንደጨበጠች ደረስን። ሳምንቱን ሙሉ ወገቤን ስትል ስለነበር፣ ያው ወገቧ ነው ብዬ ነበር።

ተረኛዋ ነርስ ከወረቀቷ ቀና ሳትል "ምንሽን ነው?" አለቻት። ከኋላችን ሰልፉ እስከ በሩ ነው።

"ል... ል..."

ነርሷ በብዕሯ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች። "ባሏ ነህ? አንተ ንገረኛ! ሰው እየጠበቀ ነው።"

እታለም፣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "ወገቧን ነው" ልል ከንፈሬ ተላቅቋል። ዞሬ አየኋት። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ልነግርሽ አልችልም።

"ይቅርታ ሲስተር" አልኩ። "እኔ አላውቅም፤ የምታውቀው እሷ ናት። እስክትጨርስ እንጠብቃት።"

ከኋላ አንዱ አጉረመረመ። ነርሷ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔ የባለቤቴን እጅ ይዤ እንደ አባባ ቆምኩ።

"ል... ልጁ" አለች። "ከ... ከትናንት ጀምሮ... አ... አ..."

እዚያ ላይ ተያዘች። ዝም ማለት እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

"አ... አልተንቀሳቀሰም።"

ነርሷ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሩጫ ሆነ። አልጋ እየተገፋ መጣ፣ በሮች ተከፈቱ፣ ተዘጉ፣ አንድ ወረቀት ላይ ፈረምኩ፣ ጫማዋን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። አባባ ደርሶ አጠገቤ ተቀመጠ። "አልቅስ እንግዲህ፣ ማን ያይሃል" አለኝ። አለቀስኩ።

ኋላ ሐኪሙ ወጣ። እትብቱ የሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር አለ። በቀዶ ሕክምና ተወልዳለች፤ ትንሽ ናት ግን ትተነፍሳለች፤ እናቷም ደህና ናት። እኔ ወገቧን መስሎኝ እንደነበር ነገርኩት። "ማስታገሻ ተሰጥቷችሁ ተመልሳችሁ ቢሆን ኖሮ..." አለና ተወው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።

ባለቤቴ ስትነቃ አጠገቧ ነበርኩ። ከንፈሯ ደርቋል። "ፀ... ፀ..." አለች። ፀሎት ይሆን? ፀሐይ ይሆን መጋረጃው ይዘጋ የምትለው? አልገመትኩም። ጠበቅሁ።

"ፀ... ፀጉር አላት?"

"አላት" አልኳት። "ለእኔ ሥራ የሚሆን አላት።" መሳቅ ስፌቱን ያማታል፤ እንደዚያም ሆኖ ሳቀች። እኔ የሆንኩትን ተዪው።

አሁን ቤት ገብተናል። አንድ ነገር ልንገርሽና ለማንም አትንገሪብኝ። ከልጅቷ ጋር ብቻዋን ስትሆን ምንም አይዛትም። ቃሉ እንደ ውሃ ይወርዳል። በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ፤ አልገባም። ከእኔ ጋር ግን አሁንም ትያዛለች። በፊት ቢሆን ይህ ያስከፋኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ሁሉ ትግል እኔ ጋ ለመድረስ የምትሄደው መንገድ ነው። ሰው በየቀኑ እየደከመ ወደ አንቺ ቢመጣ ምን ይሰማሻል? እኔም እንደዚያ ነው።

አንቺ ወደ ሰው አገር ከመሄድሽ በፊት መጋረጃ መስፊያ ቤቱ ውስጥ ከሷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ስትሰፉ ነው የኖራችሁ። ቃል እንደሚይዛት ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም። እኔንም ደግሞ ከማንም በላይ ታውቂኛለሽ። ለምን እንዳልነገርሽኝ አልጠይቅሽም። ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር፤ ይህን ሳስብ ክንዴ ላይ ያለችውን ጠበቅ አድርጌ እይዛታለሁ።

የልጅቷን ስም ለምን አልጻፈልኝም ብለሽ ይሆናል። ተከልክያለሁ። ስሙን ያወጣችው እናቷ ናት፤ "ለ... ለእህትህ እኔ ነኝ የምነግራት" ብላኛለች። በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ትደውልልሻለች። ስልክ ምን ያህል እንደምትፈራ ታውቂያለሽ፤ እስካሁን ሰላምታዋን በእኔ የምትልክልሽ ለዚህ ነው። ስሙም የሚጀምረው ከሁሉ ይልቅ በሚያስቸግራት ፊደል ነው። ሌላ ስም ብንመርጥስ ብዬ ነበር። "ል... ልጄን የምጠራት በፈለግሁት ስም ነው" አለችኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ፤ በሰው አገር ባዶ ቤት አይግጠምሽ። ያሳደግሽኝ ክንድሽ አይዛል፤ ይችን ልጅ ለማቀፍ ያብቃሽ። አባባ ጉንጭሽን ስሜያለሁ ይላል።

እሑድ ስልኩ ሲጠራ አንስተሽ ምንም ባትሰሚ፣ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። "ሃሎ፣ ሃሎ" አትበዪ። አትገምቺ። ወንበር ስበሽ ተቀመጪ።

እየመጣች ነው።

ወንድምሽ