በግጥሚያ ቀን የሚቀመጠው ሳህን

ለውድ ወንድሜ ለኦቪላ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን አለህልኝ? ደረትህስ እንዴት ነው? ያ የማዕድን አቧራ አሁንም ያስልሃል ወይስ ተወህ? እማዬ የሠራችልህ የሱፍ ካልሲ ደረሰህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ወንዙ ገና በረዶ እንደሆነ ነው፤ ቀን ቀን ግን በረዶው ከጣራው ሲንጠባጠብ ይውላል። እኔም መስኮት ሥር ተቀምጬ ስሰፋ ጠብታውን እየሰማሁ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማላውቅበት ሰዓት አለ። «አልዴያ ቆማ ታልማለች» ትለኝ አልነበር? አሁንም ያው ነኝ።

እዚያ ሰሜን ሬዲዮ አይደርስም ብለሃልና የዘንድሮውን የበረዶ ሆኪ ዋንጫ ነገር ከእኔ ስማ። ቀያዮቹ የከተማችን ልጆች ጥሎ ማለፉን አልፈው ለፍጻሜ ደረሱ! ያውም ከማን ጋር? ከላ-ፎርዥ ጋር፤ ከአራት ዓመት በፊት አንተን ካስለቀሱህ ከእነዚያው ጋር። ከሰባት ግጥሚያ አራቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ከተማው ለይቶለት አበደ። አባ ዩዜብ እንኳ የዓቢይ ጾሙን የማታ ጸሎት በአንድ ሰዓት አስቀደሙት፤ «ለባዶ ወንበር ከምሰብክ እኔም ብሄድ ይሻላል» ብለው።

አሁን የምነግርህን ግን ተቀምጠህ አንብበው። ከሄድክ ወዲህ ስምህ በአባባ ፊት እንደማይነሳ ታውቃለህ። ያን ቀን ከሜዳው አጋማሽ የተመታችው የመጫወቻዋ ጠፍጣፋ ጎማ በእግሮችህ መሃል አልፋ ግብ ስትሆን፣ በሰው ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ በረኛ ልጅ የለኝም» አሉህ፤ ቃላቸውንም አላጠፉም። ታዲያ የመጀመሪያው ግጥሚያ ቀን እማዬ ሐሳብ ይዟት ሄዶ፣ ከአክስት ዴሊማ ጋር ለአራታችን አምስት ሳህን አስቀመጠች። አምስተኛው በአንተ ቦታ ነው። አባባ ሳህኑን አዩት። በልተው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው በረዶው እንዲስተካከል ውሃ ሊያጠጡ ወደሚጠብቁት የሆኪ ሜዳ ሄዱ። ያን ማታ አምስት ለዜሮ አሸነፍን!

በሁለተኛው ግጥሚያ ቀን እማዬ አራት ሳህን ስትደረድር፣ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ያቺስ ሳህን?» አሉ። «የቷ?» አለች እማዬ፣ ልቧ እያወቀ። «የዚያን ቀኗ ናታ! ያሸነፈ ሰው ካልሲውን እንኳ አይቀይርም!» ብለው ተቆጡ። አክስት ዴሊማ ደግሞ ምላሳቸው መቼ ያርፋል፣ «አይ ቴሌስፎር! ልጅህን በስሙ መጥራት ቢከብድህ በሳህን ትጠራው ጀመር?» አሏቸው። እኔ ልሳቅ ላልቅስ ቸገረኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን በግጥሚያ ቀን ሁሉ ተቀመጠልህ፤ ኋላማ ሾርባም ይጨለፍልህ ጀመር። አንድ ቀን አክስት ዴሊማ ረስተው በወንበርህ ቢቀመጡ ተሸነፍን፤ አባባ ሦስት ቀን አኮረፏቸው። እኔ ግን እንፋሎቱ ከሳህንህ ሲነሳ ከኋላው ፊትህ ይታየኝ ነበር፤ ጸጉርህ ረጥቦ፣ ጉንጭህ ቀልቶ፣ ገና ከሜዳ እንደገባህ። እማዬም የምታይህ ይመስለኛል፤ ዳቦውን ወደዚያ ገፋ ታደርገው ነበር።

ሦስት ለሦስት ሆነንና ሰባተኛው ግጥሚያ ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ዋለ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ለአባባ ምሳ ይዤ ብሄድ፣ የሞቀ ውሃ በርሜላቸውን በሸርተቴ ጭነው፣ ጨርቁን ከኋላ እያስጎተቱ በረዶውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ። «አይበዛም አባባ?» ብላቸው «እንደ መስተዋት ማብራት አለበት» አሉኝ።

ማታ ሕዝቡ ሲሞላ ከበረዶው ላይ ጉም ተነሳ። ወይ ጉድ! ተጫዋቾቹ እስከ ወገባቸው ጉም ውስጥ ሰጥመው፣ እግር የሌላቸው ይመስል ይንሳፈፉ ነበር። ጩኸቱ ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣ መሰለኝ። ሁለት ለሁለት ሆነን ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ አንድ የላ-ፎርዥ ልጅ ከሜዳው አጋማሽ ጎማዋን እንዲሁ መታት። እየተንሸራተተች መጥታ በረኛችን ፊርማን ጋ ስትደርስ ድንገት ዘለለችና በዱላው ላይ አልፋ ገባች። አለቀ። ሰው ሁሉ «አንተ ወንፊት! ሂድና ዱቄት ንፋ!» እያለ ጮኸበት። አባባ ግን አልጮሁም፤ ጎማዋ የዘለለችበትን ቦታ ብቻ ያዩ ነበር።

ትናንት ጠዋት ቁርስ ብወስድላቸው ጓንታቸውን አውልቀው በረዶው ላይ ተንበርክከዋል። «ነይ እስቲ፣ እጅሽን አምጪ» አሉና ጣቴን አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፤ ውስጧ ውሃ ነበር። «ውሃ አብዝቼበት ሳይጠነክር ቀረ። ልጁ ምን ያድርግ?» አሉ። ጣቴን ለቀቁና «የዛሬ አራት ዓመትም አንድ በርሜል ጨምሬ ነበር። ልጄ የሚቆምበት ነው፣ ያብራ ብዬ። በማግስቱ እንዲህ ያለችውን ጉድጓድ አየኋት፤ እሱ ግን ባቡር ላይ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ፤ ኩራት ነው» አሉ። ኦቪላ፣ አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ከዚያ ኮታቸውን ደርበው ሰው ሁሉ ፊርማንን ወደሚያማበት ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ስሙኝ! ጥፋቱ የበረዶው ነው፤ በረዶው ደግሞ የእኔ ነው። ፊርማንም፣ ልጄ ኦቪላም የሠሩት ጥፋት የለም» አሏቸው። ስምህን ጠሩት! እዚያ የነበረ ሁሉ ነግሮናል።

ራት ላይ እማዬ ጨዋታው አልቋል ብላ አራት ሳህን ብቻ አስቀመጠች። አባባ ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ አምስተኛውን ራሳቸው አመጡ። «ዛሬ እኮ ግጥሚያ የለም» አለቻቸው። «አውቃለሁ» አሉ፤ ዳቦውንም ወደዚያ ገፋ አደረጉት።

እማዬ ዓይንህን ስማለች፤ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳው የዘንድሮው ጣፋጭ ሽሮፕ አንድ ማሰሮ ተቀምጦልሃል ትልሃለች። አክስት ዴሊማ ወንበርህን ለቅቄያለሁ፣ ከእንግዲህ ሰበብ የለህም ይሉሃል። ውሻህ ካፒ አርጅቷል፤ ባቡር ሲያፏጭ ግን ዛሬም ይነሳል። ለፋሲካ ባይሆንልህ እንኳ የወንዙ በረዶ ሳይቀልጥ ና። እኔ እህትህ ናፍቆትህን አልቻልኩም።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል አባባን ምን ልበልልዎ አልኳቸው። «ሰላም በይው» ብለው ወጡ። ትንሽ ቆይተው ከበሩ ተመለሱና «ሾርባው ይቀዘቅዛል በይው» አሉ።

እህትህ አልዴያ
ሪቪዬር-ኦ-ሉትር፣ ኩቤክ
ጸሎተ ሐሙስ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.