ታካሚ ሲሰረዝ የሚወድቀው ፕሮግራም

ኮስታራው፣

ወደ ክሊኒኩ ሳትሄድ ይህን አንብብ። ዛሬም ከወደቀ ውሉን እናፈርሳለን እንዳሉህ አውቃለሁ።

የወረፋው ፕሮግራም ታካሚ ሲሰረዝ ለምን እንደሚወድቅ አገኘሁት። ላፕቶፕህ ጤነኛ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ «እኔ ጋ ይሠራል፣ ያንተ አርጅቶ ነው» ስልህ ከመሥሪያ ቤት ሌላ ተውሰህ መጣህ።
በሱም ወደቀ።

ታካሚዎቹን እንደ ሰንሰለት በሚያያይዘው ሊንክድ ሊስት እያንዳንዱ ታካሚ የተከታዩን አድራሻ ይዟል። የመሰረዣው ፋንክሽን ግን መጀመሪያ ታካሚውን ከሜሞሪ ያስወጣና «ቀጣዩ የት ነው?» ብሎ እሱኑ ይጠይቃል። በእኔ ማሽን ላይ የድሮው አድራሻ ቶሎ ስለማይጠፋ መልስ ያገኛል፤ ባንተ ላይ ግን ወዲያው ስለሚጠፋ ይወድቃል።

ባለፈው ሳምንት «ላሳጥርልህ» ብዬ የነካሁት ፋንክሽን ነው። አንተ «የሚሠራ ነገር አትንካ» ብለኸኝ ነበር። ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

አሁን አድራሻውን አስቀድሞ ይይዛል። ባንተም በተዋስከውም ላፕቶፕ አርባ አርባ ታካሚ ሰርዤ ሞክሬዋለሁ። አንተም ሞክረው፤ እኔን አትመን። ቻርጀሩ ቦርሳህ ውስጥ ነው።

ማን አስተካከለው ካሉህ፣ ራሴ ነኝ በል።
ማን አበላሸው ካሉህ ደውልልኝና ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍተህ አስቀምጠው። እኔው እነግራቸዋለሁ።