ስለ ሠላሳ ሁለቱ የመዳብ ሽቦዎቼ

ለክቡር አቶ ገረሱ
የቦይ ሥራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
የካ፣ እንጦጦ ግርጌ

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎና ከነቁፋሮ ቡድንዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ግቢዬ ድረስ ለዘለቀው ትጋትዎ ምስጋና ይድረስና፣ ጸጥ ብዬ አለሁ።

በግቢዬ የቆመው ምሰሶ ፈቃድ ያለው የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ከሩቅ አገር ሰው ጋር የምነጋገርበት የግል ሬዲዮ፣ አንቴና ነው። የእንዲህ ያለው አንቴና ግማሽ አካሉ ከመሬት በታች በመሆኑ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከምሰሶው ሥር ወደ ዙሪያው የሚዘረጉ ሠላሳ ሁለት ሽቦዎች ቀብሬ ነበር። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ከጥቂት ረጃጅም ይልቅ ብዙ አጫጭር ይሻላል ብዬ አስልቼ፣ የባሕር ዛፉን ሥር እየዞርኩ ስቆፍር፣ ባለቤቴ በለጡ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የመለኪያውን ገመድ ትይዝልኝ ነበር። ቅሬታዎቼ እነሆ።

፩. ቆፋሪዎችዎ ቦዩን በግቢዬ ለማሳለፍ ሲቆፍሩ ሽቦውን አግኝተው መተት ነው ሲሉ፣ እርስዎም ጠበል አስረጭተው ሁሉንም ስላስነቀሉ፣ ለነፍሴ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። በቃለ ጉባኤው «ምንነቱ ያልታወቀ የተቀበረ ነገር» መባሉም ትክክል ነው፤ ምንነቱን የሚያውቀው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሳለ የጠየቀው አልነበረም።

፪. ጎረቤቴ ወይዘሮ አገርነሽ ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። በሰፈሩ በየቀኑ ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ባርኔጣ ከማንሳት ድካም ተገላግያለሁ።

፫. ይህችኛዋ ከበድ ትላለች። ሲሼልስ የሚኖር ማርሴል የተባለ ጡረተኛ መርከበኛ አለ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም በሬዲዮ እናወራ ነበር። በለጡ ያረፈች ሰሞን፣ ለቀስተኛው ሲበተን የቀረኝ እሱ ነበር። ስልኩን ጠይቄው አላውቅም፤ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም። ሽቦው ከተነቀለ ወዲህ የማሰራጨውን ኃይል መሬቱ ስለሚበላው፣ እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜን እየጠራ ደህንነቴን ሲጠይቅ፣ አለሁ አለሁ እያልኩ ስመልስለት ከረምኩ። ባለፈው ማክሰኞ፣ አርፎ መሆን አለበት ብሎ፣ ለሚሰሙት ሁሉ ስለ እኔ መልካም መልካሙን ተናግሮ ተሰናበተኝ። አልቅሻለሁ። ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን የቀብር ንግግር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማበትን ዕድል ያመቻቸ ሌላ ጽሕፈት ቤት ያለ አይመስለኝም።

ሽቦው ከመጋዘንዎ ወጥቶ እንዲመለስልኝ እየለመንኩ፣ ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለአካፋዎ ስለትን ተመኝቼ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አምባዬ ሕሩይ
ጡረተኛ የሬዲዮ ቴክኒሽያን፣ እስካሁን በሕይወት ያለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽቦውን ለመረከብ በሚገባ የሚያውቁኝ ሁለት ምስክሮች እንዳቀርብ ጸሐፊዎ ነግረውኛል። ብቆጥር ብቆጥር አንድም አልሞላልኝ አለ፤ ክቡርነትዎ ግን ቤቴን እስከ ሥሩ ቆፍረው አይተውታልና፣ ቢመሰክሩልኝ።